እህቴ ሞተሯን የከፈተችበት መስከረም

እህቴ ነርስ ናት። በእንጅባራ መንገድ ላይ ባጃጅ መብዛት በጀመረበት ሰሞን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ትሠራ ነበር። የሥራዋ ግማሽ እየዞሩ መከተብ ነው፤ በዘንገና በኩል፣ በጥርባ በኩል፣ መኪና የማይገባባቸው መንደሮች ድረስ ትሄዳለች። የምትሄድበት ሞተር ሳይክል የአጎታችን ነበር። አጎታችን የእርሻ ባለሙያ ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ሲዞርበት ኖሮ፣ ጉልበቱን ሲይዘው ጊዜ «እንግዲህ እኔና እሱ ተለያይተናል» ብሎ ቁልፉን ለእሷ ሰጣት። እኔ ዳንግላ አስተማሪ ነበርኩ። ይህ የሆነው ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት እስኪከፈት ድረስ እናታችን ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው።

እናታችን ያንን ሞተር አትወደውም ነበር። እህቴ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ፣ ያንን የወንድ የሚያህል ቡትስ ጫማዋን ተጫምታ ስትነሳ እናቴ በር ላይ ቆማ ታማትባለች።

«እማዬ፣ አንቺ በፈረስ አይደል እንዴ የተዳርሽው?» ትላታለች እህቴ።

«ፈረስ ሌላ! ፈረስ ነፍስ አለው። ገደል ሲያይ ይቆማል። ያንቺ ብረት ምን ያያል?»

በዚህ ላይ ሞተሩ ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ ጠብታ ነበር። ኋላ ግን ጠዋት ስንነሳ ካደረበት ቦታ እንደ ሰሐን የሰፋ ጥቁር ዘይት እናገኛለን። እናቴ ከምድጃ አመድ ዝቃ እየደፋችበት፣ «ይኸው፣ ይሄም ይሸናል» ትላለች። የሚያፈሰው በቀኝ በኩል፣ በእግር ተረግጦ የሚነሳበት ዘንግ ባለበት ትልቅ የብረት ክዳን ዙሪያ ነው። በክዳኑና በሞተሩ አካል መካከል ዘይቱ እንዳይወጣ የምትዘጋ ስስ ወረቀት አለች፤ መካኒኮቹ ጓርኒሲዮን ይሏታል። እሷ ናት አርጅታ የተበላችው።

መናኸሪያው አጠገብ ያለው መካኒክ ግቢው በባጃጅ ተሞልቶ ነበር። ከአንዱ ባጃጅ ሥር እንዳለ ሞተሩን ዞር ብሎ አየና፣ «ተይውና ሂጂ። የዚህን ጓርኒሲዮን እዚህ አታገኚም፣ ከባሕር ዳር መምጣት አለበት» አላት።

«መቼ ይመጣል?»

«ሲመጣ ነዋ።»

የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ሊጀመር ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የጤና ጣቢያው መኪና ደግሞ ለሁሉም አይደርስም። እህቴ ክዳኑን ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ወረቀቷን ራሴ ብቆርጣትስ?» አለች። ሰውየው ሳቀ። ሳቁ ግን የንቀት አልነበረም። እጁን በጨርቅ ጠረገና ከባጃጁ ሥር ወጥቶ፣ ምን ከምን በፊት እንደሚፈታ፣ ብሎኖቹ እንዴት ተራ በተራ እንደሚጠብቁ ቆሞ ነገራት። የብሎን መፍቻ ቁልፎችም አዋሳት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ከሰማሁት ግማሹን እንኳ አልያዝኩም። እሷ ግን ልክ የሐኪም ትእዛዝ እንደምትሰማው ሁሉ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች፣ ያልገባትን እያስደገመች ሰማችው።

በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ፣ ከቀርከሃው አጥር ሥር ጆንያ ዘርግታ ሥራ ጀመረች። አሮጌውን ዘይት በጎድጓዳ ሳፋ አፈሰሰች። የሚረገጠውን ዘንግ ፈታች። ብሎኖቹን ስታወጣ አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ነው። ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሥላ፣ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ልክ ሰካችው። «ቦታቸውን ካሳትኩ ረጅሙ የአጭሩን ቤት ይበሳብኛል» አለችኝ። ብሎኖቹ ካለቁ በኋላ ግን ክዳኑ ንቅንቅ አልል አለ። የኖረበት ዘይትና ወረቀት እንደ ሙጫ ይዞታል። እኔ ካቻቢቴውን አንስቼ፣ «በዚህ ፈልቅቂው» ስላት እጄን ያዘችኝ።

«አይሆንም፣ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ይቦጨቃል» አለችና ወደ ማድ ቤት ገብታ የእናቴን ዘነዘና አመጣች። ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላ የክዳኑን ዙሪያ ቀስ እያለች ትመታ ጀመር። እናቴ ድምፁን ሰምታ ወጣች።

«ዘነዘናዬን! ዘነዘናዬን ነው በዘይት የምታጨማልቂው?»

ይህን ስትል ክዳኑ ጧ ብሎ ለቀቀ። እህቴ የማታውቀው ሰው ቤት እንደገባች ሁሉ አንገቷን አስግጋ የሞተሩን ውስጥ አየች። ውስጡ ጥርሳም የብረት ጎማዎች በዘይት ርሰው ያብረቀርቃሉ። «አየሽው? ይሄን ሁሉ ዘመን እንዲህ አምሮበት ነው የኖረው» አለች። እናቴ ሳታስበው ጎንበስ ብላ አየች፤ ከዚያ ትዝ ሲላት ዘነዘናዋን ነጥቃ ገባች።

አሮጌዋ ወረቀት ብረቱ ላይ ተጣብቃ ቀርታ ስለነበር እህቴ ቀርከሃ ሰንጥቃ፣ ጫፉን በምላጭ አሹላ እየፋቀች አነሳቻት። ቀርከሃ ወረቀቱን ይልጣል እንጂ ብረቱን አይጭረውም። ከጤና ጣቢያ ያመጣችውን የጓንት ካርቶን በክዳኑ ላይ አስተኝታ፣ ዳር ዳሩን በዘይታም ጣቷ እየጫነች ቅርጹን አተመች፤ ከዚያ በመቀስና በምላጭ ቆረጠች። አቀማመጧን አሁንም አያታለሁ፤ ጉልበቷን አጣጥፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ የአንዲት ብሎን ቀዳዳ ለማስተካከል ትንፋሿን ትይዛለች። ሕፃን ስትከትብም እንዲሁ ናት። ክዳኑን መልሳ ገጥማ ዘይት ሞላችበትና ማታ ሞተሩ ተነሳ፤ ከተማውን ዞራበት ስትመጣ አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም። በዚያች ምሽት ቤታችን ውስጥ ከእሷ በላይ የደላው ሰው አልነበረም።

የዘመቻው መጀመሪያ ዕለት አብሯት የሚሄደው ባልደረባዋ ስለታመመ እኔ ተተካሁ። የክትባቱን ቀዝቃዛ ሳጥን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ዘንገናን አልፈን ወደ ጥርባ ወደሚያወጣው የእግር መንገድ ገባን። ከግራ ቀኝ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ዳገቱን አጋምሰን ሳለ ቀኝ እግሬ ሞቀኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ጫማዬ ላይ ዘይት እየተረጨ ነው። ወዲያው የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣ፤ ከጭስ ማውጫው ላይም ነጭ ጭስ ተነሳ።

እህቴ ገና ሳልጮህ ሞተሩን አጠፋችው። ወርዳ ተንበረከከች። የጓንቱ ካርቶን በአንድ በኩል እንደ ራሰ ዳቦ ተንጠልጥሎ ወጥቷል።

«ትንሽ ብንሄድበትስ? ቅርብ አይደል?» አልኳት።

«ያለ ዘይት ከነዳሁት ይሞታል። ሰው ደሙ እየፈሰሰ ሩጥ ይባላል?»

ሰዓቷን አየች፤ ቀጥሎ ሳጥኑን አየች። በረዶው ቀኑን ሙሉ አይቆይም። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። ፊቷ ላይ ድንጋጤ ሲያልፍ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ከዲከረንሱ መካከል ዳማ ፈረስ እየሳቡ ብቅ አሉ። እህቴ በአዊኛ ሰላምታ ሰጠቻቸው። እሳቸውም በአዊኛ መልሰው፣ እኔ እንደማልችል ከፊቴ ሲያውቁ ወደ አማርኛ ዞሩ። እናታችን ቋንቋውን ለእህቴ አውርሳታለች። እኔ ግን ከተማ ከገባን በኋላ ስላደግሁ ከሰላምታ አላልፍም።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ?»

«አባቴ፣ ዘይቱ ፈሰሰብን። የኩፍኝ ክትባት ይዘናል፤ ሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተሰብስቦ ይጠብቀናል።»

ሰውየው ሳጥኑን ተመለከቱ። «አውቃለሁ፣ የልጄ ሚስትም ሕፃኗን ይዛ ወደዚያው ወጥታለች» አሉና ትንሽ አሰብ አደረጉ። «ፈረስ ትችያለሽ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ። እናቴ ናት ያስተማረችኝ።»

«ይሄ ፈረስ ሰው ቶሎ አይለምድም። ቢሆንም ልጓሙን ካልጎተትሽበት አይከፋም።»

እርካቡን አሳጠሩላት። እህቴ ፈረሱን አንገቱ ላይ ዳሰሰችው፤ ጆሮው አጠገብ የሆነ ነገር በአዊኛ አለችውና ተፈናጠጠች። ሳጥኑን በጀርባዋ አስረን በነጠላዋ አጠበቅነው። ዳገቱን በሶምሶማ ስትወጣ ሰውየው እጃቸውን ከዓይናቸው በላይ ጋርደው አዩዋት።

«እህትሽ ናት?»

«ታላቄ ናት።»

«አግብታለች?»

«ገና ነች አባቴ።»

«እንግዲህ የሚያገባት ሰው ጠንካራ ፈረስ ይኑረው፤ አለዚያ አይደርስባትም» ብለው ሳቁ።

ሞተሩን እየገፋን ወደ ግቢያቸው ወሰድነው። ባለቤታቸው ትኩስ ቅቅል ድንችና አዋዜ ሰጡኝ። ልቤ ግን መንገዱ ላይ ነበር። እህቴ ፀሐይ ዘንበል ስትል መጣች። ፊቷ ላይ ጭቃ ተረጭቷል፤ ነጠላዋ ከወገቧ ተፈትቶ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። ሳጥኑ ባዶ ነበር። «የቀረ ልጅ የለም» አለችን። ባለቤትየዋ ውኃ ሲያቀርቡላት በምስጋና ተቀብላ አስቀመጠችውና መጀመሪያ የፈረሱን ላብ በሣር ፈተገች፤ ትንፋሹ እስኪረጋ በእርጋታ እየሳበች አዞረችው፤ ከዚያ አጠጣችው። እሷ የጠጣችው ከእሱ በኋላ ነው። ሰውየው ለሌላ ሰው የማይሰጡትን ፈረስ ለሚገባት ሰው እንደሰጡ ሲያውቁ ዓይናቸው ላይ የደስታ ብርሃን አየሁ።

ከሰል ጭኖ ወደ ከተማ የሚወርድ መኪና ሞተሩን ከነጭቃው ጫነልን።

ቤት ስንደርስ እናቴ ሁኔታችንን አይታ ሁሉንም ሳንነግራት ተረዳች። «ይብቃሽ» አለች። «ለአጎትሽ መልሺለት። ዛሬ ሜዳ ላይ ጣለሽ፤ ነገ ገደል አፋፍ ላይ ይጥልሻል።» እህቴ እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበች፤ ጥቁሩ ግን ከጥፍሯ ሥር አልለቀቀም። ዘመቻው ገና ሁለት የሩቅ መንደሮች ቀርተውት ነበር።

በማግስቱ ክዳኑን ፈትታ በላስቲክ ጠቅልላ ወደ መካኒኩ ወሰደችው። እኔም ተከተልኳት። ሰውየው በጥፍሩ የክዳኑን ጠርዝ ዙሪያውን ዳሰሰው።

«በወረቀትሽ ብቻ አይደለም ያፈሰሰው። ይኸውልሽ፣ ንኪው» አላት።

ነካችው፤ እኔም ነካሁት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለው። ድሮ የሆነ ሰው በካቻቢቴ ፈልቅቆ ከፍቶታል፤ ጠርዙም በአንድ ወገን ወደ ላይ ተነስቷል።

«በምንም ወረቀት ብትገጥሚው ይተፋዋል። ባሕር ዳር በማሽን ያስተካክሉታል። ካልሆነም ካርታቬትራ፣ ይሄን አሸዋ የተለጠፈበትን ወረቀት፣ መስታወት ላይ ዘርግቶ ክዳኑን ደፍቶ መፈተግ ነው። ከመስታወት ሌላ ልክ ሜዳ የሆነ ነገር ቤት ውስጥ አታገኚም። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።»

«ትዕግሥቱ ይኖረኛል» አለች።

ካርታቬትራውንና ለጓርኒሲዮን የሚሆን ጠንከር ያለ ወረቀት ሰጣትና፣ «ሲሳካልሽ አምጥተሽ አሳዪኝ፤ ሳይሳካልሽም አምጪው» አላት። ይህን ሰው ስለዚህች ቃል እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ቤት ስንመጣ መስታወት ፍለጋ ጀመርን። የግድግዳው መስታወት ከክዳኑ ያንሳል። የመስኮታችን መስታወት ሽንሽን ያለው ነው፤ ሜዳ አይሆንም። እህቴ ቆማ ዙሪያውን ስታይ ዓይኗ ሳሎን ባለው ቡፌ ላይ አረፈ። ወዲያው ግን መለሰችው። ያ ቡፌ የእናቴ ኩራት ነው። ተንሸራታች መስታወቶቹን ከእሷ በቀር ማንም አይነካቸውም፤ እኛ ብርጭቆ ስንፈልግ እንኳ ጠርተናት ነው የምትከፍተው።

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። ቀና ሳትል፣ «የምትሰጪው የምን ክትባት ነው አልሽ?» አለች።

«የኩፍኝ ነው እማዬ።»

ከእኔም ከእህቴም በፊት ወንድም ነበረን። እናቴ ገና ገጠር ሳለች ኩፍኝ ገባና ወሰደው። እኛ ይህን የሰማነው ከአክስታችን ነው፤ እናቴ ስለ እሱ አውርታ አታውቅም። ያን ዕለትም አላወራችም። ቢላዋውን አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ተነስታ ወደ ቡፌው ሄደች። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አንደኛውን መስታወት ከሐዲዱ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችና በሁለት እጇ ታቅፋ አመጣችው።

«ይኸው» አለች። «ከሥሩ ብርድ ልብስ አንጥፉ፤ እንዳይሰበር።»

እህቴ መስታወቱን ተቀበለች። እናቴም ምስጋና ሳትጠብቅ ወደ ድንቿ ተመለሰች።

መስታወቱን በረንዳ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስተኛነው። ካርታቬትራውን በላዩ ዘረጋን፤ ዘይት ጠብ አደረግንበት። እህቴ ክዳኑን ደፍታ ትፈትግ ጀመር። ወደፊት፣ ወደ ኋላ፣ ደግሞ በክብ። ከጊዜ ወደ ጊዜ ታነሳውና በጨርቅ ጠርጋ ታያለች። የተነካው ብረት እንደ ብር ያበራል፤ ያልተነካው ጉድጓድ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩ ጠፍቶ ዙሪያው በሙሉ ካበራ ሜዳ ሆኗል ማለት ነው። ክንዷ ሲዝል እኔ ተቀበልኳት። እኔ ግን ሳላውቀው በአንድ ወገን እጫናለሁ፤ ክዳኑ ይዘማል። «ቀለል አድርጊው፣ ቀለል» ትለኛለች።

እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ ስታየን ቆየች። በመጨረሻ፣ «ዞር በይልኝ እስቲ» ብላ ተንበረከከች። ክዳኑን በሁለት መዳፏ ያዘችው። ልጅነቷን በድንጋይ ወፍጮ እህል ስትፈጭ ነው ያሳለፈችው፤ ክንዷ ሲሄድና ሲመለስ አንድ ዓይነት ክብደት ነበረው። ከወገቧ ነው የምትገፋው እንጂ ከእጇ አይደለም። የብረቱ ድምፅ እንኳ ተለወጠ፤ ሲንጫጫ የነበረው ሹክሹክታ ሆነ። እህቴ ድምፁን ሰምታ ወደ እኔ ዞረችና ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እናቴ በዚያ ሥራ ላይ ሳለች እንደ ልጃገረድ በርትታ ነበር የምትታየው። ጥቁሯ ጉድጓድ እየጠበበች፣ እየጠበበች ሄዳ ጠፋች።

«ይሄ ነው?» አለች እናቴ፣ ክዳኑን ወደ ብርሃን አንስታ።

«ይሄ ነው እማዬ።»

አዲሱን ጓርኒሲዮን እህቴ እንደገና ቆረጠች። በዚህኛው ጊዜ አልቸኮለችም። ወረቀቱን በዘይት አራሰች፤ ክዳኑን ገጠመች፤ ብሎኖቹን አንዱን ከወዲህ፣ ሌላውን ከወዲያ ማዶ እያለች ጥቂት በጥቂት አጠበቀቻቸው። እናቴ ካህን እንደሚረዳ ዲያቆን ሆና በካርቶኑ ላይ የተሰኩትን ብሎኖች በተራ እያወጣች ታቀብላት ነበር፤ አንዴ እንኳ አልተሳሳተችም። እንዲያድር ተውነው።

ጠዋት እህቴ ዘይት ሞላችና ዘንጉን ረገጠችው። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰው፣ ከዚያ ተነሳ። እስኪሞቅ ጠብቃ ዳገቱን ወጥታ ተመለሰችና ሳታጠፋው ጣቷን በክዳኑ ዙሪያ አስኬደች። ጣቷን ወደ እኛ ዘረጋችው። ደረቅ ነበር። በዚያው ወደ መካኒኩ ሄደች፤ እሱም እንደ እሷ ጣቱን አስኪዶ፣ እዚያ ያሉትን የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ ጠርቶ አሳያቸው። «ሲስተር በመስታወት ያስተካከለችው ነው» ሲላቸው፣ «እኔ አይደለሁም፣ እናቴ ናት» አለች። ማንም አላመናትም።

የቀሩትን ሁለት መንደሮች በሞተሩ ጨረሰቻቸው። በመጀመሪያው መንደር እኔ አብሬያት ነበርኩ፤ በኋለኛው ባልደረባዋ ተሽሎት ሄደ። ከአንድ ቤት ልጅ ሳይመጣ ቢቀር ሞተሩን አቁማ፣ እርሻ ለእርሻ በእግሯ ሄዳ ታመጣዋለች። «ይሄኛው ፈሪ ነው» ሲሏት፣ «እኔም ፈሪ ነኝ፤ አብረን እንፈራለን» እያለች ሕፃኑን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። ልጁ መርፌውን ሳያየው ክትባቱ ያልቃል። ስንት ጎበዝ ሰው አይቻለሁ። ብረትንም ሕፃንንም በዚያ በአንድ ትዕግሥት የምትይዝ ግን ከእሷ ሌላ አላየሁም። የት እንደተማረችው ስጠይቅ እኖር ነበር፤ በዚያ መስከረም እናቴ ክዳኑን ደፍታ ስትፈትግ አይቼ ጥያቄዬን ተውኩት።

ዘመቻው ያለቀ ዕለት እህቴ አመሻሽ ላይ ገባች። እራት እስኪቀርብ ልረፍ ብላ መደቡ ላይ ጋደም እንዳለች ከነጫማዋ እንቅልፍ ወሰዳት። ልቀሰቅሳት ስል እናቴ በዓይኗ ከለከለችኝ። እግሯ ሥር ተቀመጠች፤ በጭቃ የደረቀውን የጫማ ክር ላለመቀስቀስ እየተጠነቀቀች በጥፍሯ ፈታችው፤ አንዱን፣ ቀጥላም ሌላውን ጫማ አወለቀችላት። ከዚያ እግሮቿን በጋቢዋ ሸፈነቻቸውና፣ ወጡ ምድጃ ላይ እየበረደ፣ ልጇን እያየች እዚያው ተቀመጠች።